የኤምፒቲሲፒ ሰብፍሎዎችን የሚዞር የቢፒኤፍ ፕሮግራም አፈታተሽ

አንድ የኤምፒቲሲፒ (ባለብዙ መንገድ ቲሲፒ) ግንኙነት በውስጡ በርካታ ሰብፍሎዎችን፣ ማለትም ንዑስ የቲሲፒ ግንኙነቶችን፣ ይይዛል፤ የቢፒኤፍ (በከርነሉ ውስጥ የሚሮጡ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ኢተሬተሩ እነሱን አንድ በአንድ ይዞራል። ትክክል መዞሩን ለማረጋገጥ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ግንኙነት ያስፈልጋል። እዚህ አራት ሰብፍሎ ያለው እንሠራለን።

የሊኑክስ ከርነሉን ስትገነቡ ኤምፒቲሲፒን፣ ቢፒኤፍንና ቢቲኤፍን (የከርነሉን የዳታ ዓይነቶች መግለጫ) ክፈቱ። የቁልፍ አያያዝን የሚፈትሸውን ሎክዴፕንም አትተዉት፤ ዙረቱ የዋናው ሶኬት ቁልፍ በተያዘበት ብቻ መካሄድ ስላለበት፣ ያለ እሱ የቁልፍ ስህተት ሳይታይ ያልፋል።

ሁለት የኔትወርክ ኔምስፔሶችን (እርስ በርስ የተነጠሉ የኔትወርክ አካባቢዎችን) በአንድ የቬት (ምናባዊ የኔትወርክ ካርድ) ጥንድ አገናኙ። ለሰርቨሩ 10.0.1.1ን፣ ለክላየንቱ ከ10.0.1.2 እስከ 10.0.1.5 ያሉትን ስጡ። የክላየንቱን የመጨረሻ ሦስት አድራሻዎች በሰብፍሎ ዓይነት ኢንድፖይንት (ተጨማሪ ሰብፍሎ የሚነሳበት አድራሻ) አድርጋችሁ መዝግቡ፤ መለያቸው 1፣ 2 እና 3 ይሁን። የመጀመሪያው ሰብፍሎ መለያ ሁልጊዜ 0 ነው። ከዚያ የተጨማሪ ሰብፍሎ ገደቡን በሁለቱም ኔምስፔስ 3 አድርጉ። ነባሪው 2 ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ከተረሳ ሦስተኛው ተጨማሪ ሰብፍሎ ተቀባይነት ያጣል።

ሶኬቶቹን በፕሮቶኮል ቁጥር 262 ከፍታችሁ አገናኙ። ብዙ ፈተና የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ወዲያው ከቆጠራችሁ የምታገኙት 1 ነው። ክላየንቱ ተጨማሪ ሰብፍሎ የሚከፍተው ግንኙነቱ ሙሉ በሙሉ ከጸና በኋላ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ዳታ ተልኮ ማረጋገጫው መመለስ አለበት። ስለዚህ አንድ ባይት ላኩ። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ የኤምፒ ጆይን አክ ቆጣሪን (መቀላቀላቸው የተረጋገጠ ተጨማሪ ሰብፍሎዎችን የሚቆጥረውን) ኤንስታት በተባለው የኔትወርክ ቆጣሪ ማሳያ ትእዛዝ በየ100 ሚሊሰከንዱ እያያችሁ 3 እስኪደርስ ጠብቁ፤ ለመጠበቂያውም ጣሪያ አብጁለት። የክላየንቱ ቆጣሪ ብቻውን አይበቃም፤ ሙከራው እንደተጀመረ ይጨምራልና።

ፕሮግራሙን በሲግሩፕ (የሂደቶች ቡድን) የጌትሶክኦፕት መንጠቆ ላይ ስቀሉት፤ መንጠቆው የሶኬት ቅንብር በጌትሶክኦፕት ሲጠየቅ ይነሳል፤ ከርነሉ እዚያ የሶኬቱን ቁልፍ ይዞ ነው የሚጠራው። የሂደቱን መለያ፣ ሌቭሉንና የኦፕሽኑን ስም ሳታጣሩ ግን አትቁጠሩ፤ ማንኛውም ሌላ የጌትሶክኦፕት ጥሪ ቆጠራውን ያባዛዋል።

በክላየንቱ ሶኬት ላይ በሚደረገው ዙረት ውስጥ ቆጣሪውን ጨምሩ፤ የየሰብፍሎውን የአካባቢ መለያም ከ0 እስከ 3 መሆኑን አይታችሁ በቢት ማስክ (ለየመለያው አንድ ቢት በያዘ ቁጥር) ላይ ምልክት አድርጉበት። የሚጠበቀው ቆጠራ 4፣ ማስኩ 15 ነው። መለያዎቹን መደመር ደካማ ማረጋገጫ ነው፤ ትክክለኛው ድምር 6 ቢሆንም፣ 0ን እና 3ን ሁለት ሁለት ጊዜ የጎበኘ ኢተሬተርም 6 ይሰጣል።

የመክሸፊያ ፈተናዎችም ይጻፉ። ለኢተሬተሩ ባዶ ጠቋሚ ሲሰጠው ዙረቱ አንዴም መግባት የለበትም። መዝጊያ ጥሪው የጎደለውን ፕሮግራም ደግሞ ቬሪፋየሩ (ፕሮግራሙን ከመጫኑ በፊት የሚመረምረው የከርነሉ ክፍል) መከልከል አለበት፤ ከተጫነ ፈተናው ወድቋል።