የጅማን ታዳጊ ተጫዋች ሳያጋንኑ ለማስተዋወቅ

ጅማ ላይ አንድ ልጅ በሰፈር ውድድር ሦስት ሰው አልፎ ካገባ፣ ማታውኑ ቪዲዮው "የጅማው ሜሲ" ተብሎ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይዞራል። ከተማዋ በ2010 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊግ የመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫ ያነሳው የጅማ አባ ጅፋር አገር ናትና ጉጉቱ አይፈረድበትም። ልጁን የሚጎዳው ግን አጉል ስሙ ነው፤ ተከላካይ እግሩን እያሳደደ ይመታዋል፣ እሱም ማቀበል ትቶ ለካሜራ መጫወት ይጀምራል።

ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ቢያንስ አምስት ጨዋታ እዩት። አንዱ ሜዳው በዝናብ በጨቀየበት ቀን ይሁን፤ በደረቅ ሜዳ በሩጫ ብቻ የሚያልፍ ልጅ የኳስ አያያዝ ድክመቱ ጭቃ ላይ ይታወቃል። የተጫወተበትን ደቂቃ፣ ቦታውን፣ የተጋጣሚዎቹን ዕድሜና ኳስ ሲነጠቅ ምን እንዳደረገ በደብተር ያዙ።

ዕድሜው ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ጥር 12 ቀን 2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ጥር 20 ቀን 2011 ነው የተወለደው። ቅጹን የሚሞላው ሰው ሳይቀይር 2003 ብሎ ከጻፈ፣ የ15 ዓመቱ ልጅ ወረቀት ላይ የ23 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ይቀራል። በኋላ ሲስተካከል ደግሞ ዕድሜ የቀነሰ ይመስላል። የልደት ምስክር ወረቀቱን አይታችሁ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ።

ቪዲዮ ስትቀርጹ ስልኩን አግድም ይዛችሁ ከመሃል መስመሩ ትይዩ፣ ከፍ ካለ ቦታ ቁሙ። ኳሷን ብቻ አትከተሉ፤ መልማይ ማየት የሚፈልገው ልጁ ያለ ኳስ የት እንደሚቆም ነው። ሙሉውን ጨዋታ አስቀምጡ፣ ከዚያ 3 ደቂቃ ቁረጡ፤ የተሳሳተበትንም አትዝለሉ። የማሊያ ቁጥሩን መጀመሪያ ላይ አሳዩ።

ጽሑፉ ላይ ሥራውን እንጂ ዝናውን አትጻፉ፦ "የግራ መስመር ተጫዋች፣ በአምስት ጨዋታ 410 ደቂቃ ተጫውቶ 3 ግብ አስቆጥሯል፤ ቀኝ እግሩ ገና ነው።" ፍሬዲ አዱ እ.ኤ.አ. በ2004 በ14 ዓመቱ በአሜሪካ ሊግ ሲጀምር "አዲሱ ፔሌ" ተብሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ከክለብ ክለብ ሲዞር ነው የኖረው።

ወላጆቹን ሳታስፈቅዱ አትለጥፉ። የቤቱንና የትምህርት ቤቱን አድራሻ ተዉት፤ ለመገናኛ የአሰልጣኙን ስልክ፣ እሱንም አስፈቅዳችሁ፣ ስጡ። ቪዲዮው ሲዞር ደላላ መምጣቱ አይቀርም። ፊፋ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ወደ ውጭ አገር ክለብ እንዲዘዋወር አይፈቅድም። "ለቪዛ ብር ክፈሉ" ያለውን ደላላ ወላጆቹ ምንም ሳይፈርሙ ያሰናብቱት።

የሰፈሩ ቡድንም ልጁን ከ12 ዓመቱ ጀምሮ በፌዴሬሽን ያስመዝግብ። ነገ በክፍያ ወደ ውጭ ክለብ ቢዛወር፣ ከዝውውሩ ገንዘብ እስከ 5 በመቶ የሚሆነው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሰለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፤ ምዝገባው ከሌለ ግን ቡድኑ ድርሻውን መጠየቅ ያቅተዋል።