ዎኪንግ ፉት ማሽን በእጅ ሲዞር ቢከብድ፦ ችግርና መፍትሄ

የቆዳ ቦርሳ፣ የሸራ ድንኳንና የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፋበት ዎኪንግ ፉት ማሽን ከተራው የሸሚዝ ማሽን ይልቅ በእጅ ሲያዞሩት ጠንከር ማለቱ ተፈጥሮው ነው። ሥራውን ከታች ጥርሱ፣ ከላይ የውስጥ እግሩ፣ መሃል ላይ ደግሞ መርፌው ራሱ አንድ ላይ ሆነው ስለሚስቡት በአንድ ዙር ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ብረት ብዙ ነው፤ የውስጡና የውጪው እግር ሲፈራረቁም የመጫኛው ሞላ በየዙሩ ስለሚታመቅ እጅ ላይ የሚሰማ መጠነኛ ግፊት ይኖራል። ችግር የሚባለው መዘውሩ በአንድ እጅ ያለ ትግል አልዞር ሲል፣ ከትናንቱ ይልቅ ዛሬ ከብዶ ሲገኝ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ሲነክስ ነው።

ማሽን ሲከብድ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናነሳው የዘይት ጠርሙሱን ነው። ዘይት ግን ከብዙዎቹ መንስኤዎች ለአንዱ ብቻ መድኃኒት ነው፤ ክር ሁኩ (ከመርፌ ሳህኑ በታች እየዞረ የላይኛውን ክር ከታችኛው ጋር የሚያያይዘው ብረት) ውስጥ ተሰንጎ ከሆነ ወይም ጥርሱ ከመርፌ ሳህኑ ጋር እየተጋጨ ከሆነ የፈለገውን ያህል ዘይት ቢፈስበት አይላቀቅም። መንስኤው የሚታወቀው ክብደቱ ከዙሩ በየትኛው ቦታ እንደሚመጣ በማስተዋልና የሚንቀሳቀሱትን ክፍሎች አንድ በአንድ ከሥራ ውጭ እያደረጉ በመፈተሽ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል መዘውሩን በሁለት እጅ ታግሎ ወይም በፒንሳ ይዞ ማስገደድ አይገባም፤ በጉልበት የሚላቀቅ ማሽን ብዙውን ጊዜ የሁኩን ጊዜ፣ ማለትም ሁኩ ከመርፌው ጋር የሚገናኝበትን ቅንጅት፣ አዛብቶ ወይም መርፌውን ሰብሮ ነው የሚላቀቀው።

የከበደው ማሽኑ ነው ወይስ ሞተሩ?

ከሁሉ በፊት ሞተሩን ያጥፉና ሶኬቱን ይንቀሉ። ክላች ሞተር ከሆነ ከጠፋ በኋላም ውስጡ ያለው ከባድ ጎማ ለጥቂት ጊዜ መሽከርከሩን ስለሚቀጥል ድምፁ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ይጠብቁ። በክላች ሞተር ላይ ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ፔዳሉ ሳይረገጥ ሲቀር ፍሬኑ ተጣብቆ ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሌጃ ስለሚይዘው፣ ምንም ብልሽት የሌለበት ማሽን እንኳ በእጅ ሲዞር ይከብዳል። ሞተሩ ጸጥ ካለ በኋላ ፔዳሉን በትንሹ ረገጥ አድርገው ሲያዞሩት ከቀለለ የተሰማዎት የፍሬኑ መያዝ ነበር፤ ማሽኑ ደህና ነው። መርፌን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አድርገው የሚያቆሙ አንዳንድ ሰርቮ ሞተሮችም ኤሌክትሪክ ላይ እስካሉ ድረስ መዘውሩን አንቀው ይይዛሉ፤ ሲጠፉ ይለቃሉ።

የተሻለው ፈተና ግን ቺንጋውን ከመዘውሩ ላይ አውርዶ ማሽኑን ለብቻው ማዞር ነው። ያለ ቺንጋ ከቀለለ መንስኤው ከጠረጴዛው በታች ነው። ቺንጋው ከመጠን በላይ ተወጥሮ ሊሆን ይችላል፤ መሃሉ በጣት ሲጫኑት 1 ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። ቺንጋው ከመከለያው ወይም ከጠረጴዛው ቀዳዳ ጠርዝ ጋር እየተሻሸም ሊሆን ይችላል። ጠረጴዛ ላይ የሚታሰረው ቦቢን መጠቅለያም ቺንጋው ላይ እንደተጫነ ተረስቶ እንዳይሆን ይመልከቱ። ያለ ቺንጋም ከከበደ ወደ ማሽኑ ራስ እንሂድ።

ከዙሩ በየትኛው ቦታ ይከብዳል?

ክሩን ከመርፌው ያውጡ፣ ቦቢኑን ያንሱ፣ መርፌውንም ይፍቱ። በመዘውሩ ጠርዝ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው ወደ ራስዎ አቅጣጫ ቀስ ብለው ጥቂት ዙሮች ያዙሩ። ክብደቱ ሁልጊዜ ምልክቱ አንድ ቦታ ሲደርስ የሚመጣ ከሆነ አንድ ነገር ከሌላው ጋር እየተጋጨ ወይም መሃል ላይ የገባ ባዕድ ነገር አለ ማለት ነው። ዙሩን ሙሉ እኩል ከከበደ ደግሞ የደረቀ ዘይት፣ ዝገት ወይም ከመጠን በላይ የተጠጋ ቡሽ (ዘንግ ውስጡ የሚዞርበት የብረት ማቀፊያ) እና የዘንግ ቀለበት ይጠረጠራል።

መርፌው በመፈታቱ ብቻ ከቀለለ መርፌው ጎብጧል፣ ወይም ትክክለኛው ዓይነት አይደለም፣ ወይም እስከ መጨረሻው ሳይገባ ታስሯል። ለምሳሌ ጁኪ ዲኤንዩ 1541 የተባለው የዎኪንግ ፉት ሞዴል የሚወስደው 135×17 የተባለውን መርፌ ነው፤ ርዝመቱ የተለየ መርፌ ከሁኩ ወይም ከጥርሱ ጋር ሊጋጭ ይችላል። አዲስ መርፌ አስገብተው እንደገና ይፈትሹ።

በአንድ ቦታ መንከስ፦ ሁክ ውስጥ የገባ ክር

ስፌት እየተሰፋ በድንገት የተቆለፈ ወይም ክሩ ከተበጠሰ በኋላ የከበደ ማሽን በአብዛኛው ችግሩ ይህ ነው። በቆዳ ሥራ የምንጠቀምበት ወፍራም ናይለን ክር ጠንካራና አንሸራታች ስለሆነ፣ ቁራጩ በሁኩና በውስጡ በተቀመጠው የቦቢን ማደሪያ መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ውስጥ ሲገባ እንደ ሽብልቅ ይወጠራል። ብዙውን ጊዜ የሚገባውም ስፌት ሲጀመር የላይኛውና የታችኛው ክር ጫፍ በእጅ ሳይያዝ ሲቀርና መርፌው ጫፉን ወደ ታች ጎትቶ ሲወስደው ነው።

የሁኩን ተንሸራታች ክዳን ይክፈቱና ከላይ በመብራት ይመልከቱ። ከመርፌ ሳህኑ በታች የሚታየውን ክር ሁሉ ቆርጠው ካነሱ በኋላ በማደሪያው ዙሪያ አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት ያድርጉ። ቀጥሎ መዘውሩን በጉልበት ሳይሆን በትንሽ በትንሹ ወደፊትና ወደኋላ ያወዛውዙ፤ ክሩ በገባበት መንገድ ተመልሶ ጫፉን ያሳያል፣ ያን ጊዜ በቀጭን መቆንጠጫ ይሳቡት። አንዱ ጫፍ ስለወጣ ሁሉም ወጥቷል ማለት አይደለም። ማደሪያውን በጣት ሲነኩት ጥቂት ወዲያና ወዲህ የማለት ነፃነት ከሌለው ውስጡ የቀረ ነገር አለ።

በዚህ መንገድ እምቢ ካለ ማደሪያውን በቦታው የሚይዘውን ቅስት ብረት መፍታት ይቻላል። በነዚህ ማሽኖች ላይ ይህ ቅስት በትንንሽ ብሎኖች የታሰረ ነው፤ እሱን ማንሳት ሁኩን ከዘንጉ ማላቀቅ ስላልሆነ የማሽኑን ጊዜ አያዛባም። ብሎኖቹ ደቃቅ ናቸውና ልካቸውን የጠበቀ ካቻቢቴ ይጠቀሙ፣ ሲፈቱም በክዳን ላይ ያስቀምጧቸው፤ የቅስቱን አቀማመጥ በስልክዎ ፎቶ ቢያነሱት ሲመልሱ አይሳሳቱም። ሁኩን በዘንጉ ላይ የያዙትን ብሎኖች ግን አይንኩ። በዚህ ሥራ ላይ ካቻቢቴን እንደ መፈንቀያ መጠቀም ክሩ ራሱ ካደረሰው የባሰ ጉዳት ያመጣል፤ የሁኩ ጫፍ ወይም መንገዱ ከተጫረ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ክር መሰንጠቅና መበጠስ ይጀምራል። ቀድሞ የነበረ ጭረት ካገኙ በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ብናኙን ጠርገው ያውጡ።

በአንድ ቦታ መንከስ፦ ጥርሱና የስፌት ርዝመቱ

ሁኩ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ የስፌት ርዝመቱን ወደ ዜሮ አውርደው ያዙሩ። ሲቀል ችግሩ ከሥራ ሳቢው ክፍል ነው። የመርፌ ሳህኑን ብሎኖች ፈትተው ያንሱና ከሥሩ ያለውን ይመልከቱ። የቆዳ ብናኝ፣ የክር ጭራና ማስቲሽ ከዘይት ጋር ተዋህደው በጥርሱ ሥር ይጋገራሉ፤ ይህ ግግር ከጊዜ በኋላ ጥርሱ ሲወርድ የሚያርፍበት ጠንካራ ወለል ይሆናል። በእንጨት ስንጥርና በብሩሽ ፈቅፍቀው ያውጡት፤ በአየር ግፊት መንፋት ቆሻሻውን ወደ ቡሾቹ ስለሚገፋው አልመክርም። ሳህኑን ሲመልሱ ጥርሱ በቀዳዳው መሃል መሆኑን፣ በረጅሙ ስፌት ወደፊትም ሆነ ወደኋላ ሲሄድ ጠርዙን አለመንካቱን በዓይን ያረጋግጡ። ዲኤንዩ 1541 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ስፌት ይሰፋል፤ በአጭር ስፌት ያልታየ ግጭት በረጅሙ ይጋለጣል።

እንደ ሲንገር 111 ደብልዩ እና ጁኪ ኤልዩ 563 ባሉ የቆዩ ማሽኖች ላይ ደግሞ የስፌት ርዝመት የሚለወጠው በማሽኑ የብረት ወለል ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ መዘውሩን በማዞር ነው። ይህ ቁልፍ በቆሻሻ ተጣብቆ ወደ ላይ ሳይመለስ ከቀረ መዘውሩ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ይያዛል። መፍትሄው ቁልፉን አጽድቶና ዘይት ነክቶ በሞላው እንዲመለስ ማድረግ ብቻ ነው።

እግሩ ሲወርድ የሚከብድ፣ ሲነሳ የሚቀል

የእግር መጫኛው ብሎን ከመጠን በላይ ጠብቋል፣ ወይም እግሩ የሚወጣበት ከፍታ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ተደርጓል። ሁለቱንም ቀነስ ያድርጉ። ከእግሩ ሥር ሁልጊዜ ቁራጭ ቆዳ አድርገው ይፈትሹ፤ ባዶውን ሲሆን እግርና ጥርስ ብረት ለብረት ስለሚገናኙ የሚሰማው ነገር ያሳስታል። እግሩን ከጠረጴዛው ሥር ባለውና በጉልበት በሚገፋው ማንሻ ከፍ አድርገው እንደያዙም መዘውሩን አያዙሩ፤ የመርፌው ዘንግ ሲወርድ ከፍ ብሎ ከተያዘው የውስጥ እግር ጋር ይጋጫል።

ዙሩን ሙሉ የሚከብድ፦ የደረቀ ዘይት

ለረጅም ጊዜ ቆሞ የነበረ ወይም ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ማሽን ብዙውን ጊዜ የሚከብደው በዚህ ነው። ምልክቱ ጠዋት ጠዋት መክበዱና ጥቂት ከሠራ በኋላ መቅለሉ ነው፤ የአዲስ አበባ የሐምሌና የነሐሴ ብርድ ሲሆን ይህ ይበልጥ ይታያል። ዘይት ቀዳዳዎቹ አጠገብ ቢጫ ወይም ቡናማ ሙጫ መሰል ነገር ይገኛል። የሞተር ዘይትና የምግብ ዘይት የገባበት ማሽን ደግሞ ፈጥኖ እዚህ ይደርሳል፤ የምግብ ዘይት ደርቆ ሙጫ ስለሚሆን በምንም ምክንያት መግባት የለበትም።

መፍትሄው ትዕግሥት ይጠይቃል። ማሽኑን ከሞተሩ ርቆ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ እሳት በሌለበት ቦታ ያድርጉ። በየዘይት ቀዳዳውና በየመገጣጠሚያው ጥቂት ላምባ እየጠበጠቡ መዘውሩን በእጅ ያወዛውዙ፤ የማሽኑን ራስ ወደኋላ አስተኝተው ከሥር ያሉትን ዘንጎችና ማያያዣዎች፣ ከፊት ክዳኑን ከፍተው የመርፌውንና የእግሩን ዘንግ አይርሱ። ሙጫው እየቀለጠ ሲወጣ በጨርቅ ይጥረጉ፤ አሳድረው በማግስቱ ይድገሙት። ላምባ ያጥባል እንጂ አያለሰልስም፤ ስለዚህ ሲጨርሱ በየቦታው ቀጭንና ቀለም የሌለው የስፌት ማሽን ዘይት ካልተተካ ብረቱ ደርቆ ይበላላል። ጁኪ ለዲኤንዩ 1541 የሚያዘው ኒው ዴፍሪክስ ኦይል ቁጥር 1 የተባለውን በጣም ቀጭን ዘይት ነው። ከዚያም በዝቅተኛ ፍጥነት ለጥቂት ደቂቃ አሠርተው የሚወጣውን የቆሸሸ ዘይት ይጥረጉ።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው፣ ቀዝቃዛ ሳለ ቀልሎ ከሠራ በኋላ የሚከብደው ማሽን፣ አንዱ ቡሽ ዘይት ሳይደርሰው እየጋለ ነው። ያቁሙት፣ በጀርባ እጅዎ እየነኩ የሞቀውን ቦታ ይለዩ፣ ሲበርድ በዚያ በኩል ዘይት ይስጡት። ከተደጋገመ ዘንጉ መንከስ ጀምሯልና ለባለሙያ ያሳዩት።

ከጥገና በኋላ የከበደ፣ ወይም በድንገት የቀለለ

ከተፈታና ከተገጠመ በኋላ የከበደ ማሽን በአብዛኛው የዘንግ ቀለበቶቹ ከቡሹ ጋር እጅግ ተጠግተው ታስረዋል፣ ወይም የሁኩ ጥርሳ ጥርስ ማርሾች ተጣብቀው ተቀምጠዋል። ይህ በዘይት አይስተካከልም፤ ማርሾቹን ማላቀቅም ከሁኩ ጊዜ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሥራውን ለሠራው ባለሙያ መመለስ ይሻላል።

ከብዶ ቆይቶ ቀጭ ብሎ የቀለለ ማሽንም ዳነ ማለት አይደለም። ዲኤንዩ 1541 ኤስ የተባለው ሞዴል ሁኩ ላይ ከመጠን ያለፈ ኃይል ሲመጣ የሚለቅ መከላከያ ክላች አለው፤ ከለቀቀ መዘውሩ ቢዞርም ሁኩ አይዞርም። በመጀመሪያ የያዘውን ክር ያውጡ። ከዚያ በማሽኑ የብረት ወለል ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭነው መዘውሩን ከተለመደው አቅጣጫ በተቃራኒው ጠንከር አድርገው ያዙሩ፤ ቀጭ ሲል ክላቹ ተመልሷል። በዚህ መመሪያ ውስጥ መዘውሩን በጉልበት ማዞር የሚፈቀደው እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ክር ሳያስገቡ ጥቂት ዙሮች በእጅ አዙረው ሁኩ ከመርፌው ጋር አብሮ መሄዱን ካዩ በኋላ ቺንጋውን ይመልሱ።