የዩኒቨርሲቲ ሰፈርን ታሪክ እንዴት መሰብሰብና መጻፍ ይቻላል? ከደብረ ብርሃን የተገኘ ልምድ

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛው ትውልድ ተብለው ከሚጠሩት 13 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሲሆን፣ ማስተማር የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ስለ አካባቢው ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ዓመት ይጀምርና በበሩ ዙሪያ የተከፈቱትን ምግብ ቤቶች፣ ፎቶ ኮፒ ቤቶችና የኪራይ ክፍሎች ዘርዝሮ ይጨርሳል። እንዲህ የተጻፈ ታሪክ የሰፈሩን ዕድሜ እኩሌታ እንኳ አይዝም፤ ተማሪ ከመምጣቱ በፊት በዚያው መሬት ላይ ያረሰ፣ በግ ያሰማራ፣ ልጅ የዳረ ሰው ነበርና። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጥያቄውን ማስተካከል ነው፤ «ዩኒቨርሲቲው መቼ ተሠራ?» ከማለት በፊት «ይህ መሬት የማን ነበር?» ብሎ መነሣት ያስፈልጋል።

ወደ ሽማግሌዎች ከመሄድ በፊት የከተማዋን ታሪክ በመጠኑ ማወቅ ግድ ይላል፤ ባዶውን የሄደ ጠያቂ የሚነገረውን ለይቶ መስማት ያቅተዋል። ደብረ ብርሃንን የመሠረታት ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ ስሟ በሰማይ ከታየ ብርሃን የመጣ ሲሆን፣ ብርሃኑን በ1448 ዓ.ም. ከታየው ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙ የታሪክ ሰዎች አሉ። ከብዙ ዘመን በኋላም የሸዋ ገዢዎች ከአንኮበርና ከአንጎለላ ጋር መቀመጫቸው አድርገዋታል። ለሰፈሩ ታሪክ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የትምህርት ቤቱና የፋብሪካው ዘመን ነው። በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተሰየመው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የመምህራን ማሠልጠኛውና ብርድ ልብስ ፋብሪካው ደብረ ብርሃንን ዩኒቨርሲቲ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት የተማሪና የሠራተኛ ከተማ አድርገዋታል። ከመንዝ፣ ከተጉለትና ከቡልጋ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ተሸክሞ መጥቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚማር ልጅ ለዚህ ከተማ እንግዳ አልነበረም። ዛሬ በግቢው አካባቢ ክፍል የሚያከራዩ እናቶች ብዙዎቹ ወጉን የወረሱት ከዚያ ነው፤ እኔም የሰፈሩን ጠባይ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም።

መሬቱን በሦስት ዘመን ከፍሎ መጠየቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው የርስትና የጭሰኛ ዘመን ነው። ሁለተኛው የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከታወጀበት ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ይጀምራል፤ ቀጥሎም በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት መሆኑ ታወጀ። ሦስተኛው የከተማዋ መስፋፋት ዘመን ሲሆን፣ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳ የሚከፈልበትን ሁኔታ የወሰነው አዋጅ ቁጥር 455/1997 በዚሁ ውስጥ ይገባል። በዚያ ሕግ ካሳ ይከፈል የነበረው በመሬቱ ላይ ለሰፈረው ንብረትና ለምርቱ እንጂ ለመሬቱ ለራሱ ስላልነበረ፣ አባት ከአያት የወረሰው ማሳ በአርሶ አደሩ ልብ ያለው ዋጋና በወረቀት ላይ የሰፈረው ዋጋ የተለያዩ መሆናቸውን ጠያቂው አስቀድሞ ይወቅ። የካሳውን ገንዘብ መጠን በመጀመሪያ የጠየቀ ሰው ሁለተኛ ጥያቄ ለመጠየቅ ዕድል አያገኝም። ከማሳው ስም፣ ከሚዘራበት እህል፣ ከወሰንተኛው መጀመር ይሻላል። እኔን ይህን ያስተማሩኝ አንዲት የሰፈሩ እናት ናቸው። ስለ ካሳ ስጠይቃቸው ዝም አሉኝ፤ «እርሻው እስከ የት ነበር?» ስላቸው ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና ከጓሮ ወሰዱኝ። ከአጥሩ ሥር ግማሹ አፈር የዋጠው ድንጋይ አለ፤ እግራቸውን አስደግፈውበት «ይቺ የአባቴ ወሰን ናት ልጄ፤ ከዚህ ወዲያ ያለው ገብስ ነበር» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል አወሩልኝ።

ዓመት ሲነገር ተጠንቅቆ መመዝገብ ያስፈልጋል። ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ የሚናገሩት በቁጥር ሳይሆን በወንጌላዊው ስም ነው፤ «ዘመኑ ሉቃስ ነበር» ይላሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ደምሮ ለ4 ማካፈልና 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ማለት ነው። በዚህ ስሌት 1999 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ነገር ግን መሬት የታወጀበት 1967ም ሉቃስ ነው። ስለዚህ የወንጌላዊው ስም ብቻውን አይበቃም፤ «ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር?»፣ «ደርግ ገብቶ ነበር?» ብሎ ከሌላ ነገር ጋር ማሰር ይገባል። ሌላው ወጥመድ በእንግሊዝኛ ሰነዶች ላይ ያለው ቁጥር ነው። ዩኒቨርሲቲው በ2007 ተቋቋመ የሚለውን አንብቦ «በ2007 ዓ.ም.» ብሎ የሚጽፍ ሰው ስምንት ዓመት ሙሉ ከሰፈሩ ታሪክ ይቆርጣል። የኛና የፈረንጆቹ አቆጣጠር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ በ7፣ ከዚያ በኋላ በ8 ዓመት እንደሚለያይ አስታውሶ ወሩን ጭምር መጠየቅ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ብርዷ የጠያቂውን ሰዓት ይወስናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሳይተን አንድ አረጋዊ ከቤት ማስወጣት ነውር ነው፤ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ለመሞቅ ከግድግዳ ሥር ሲቀመጡ መቅረብ ይሻላል። አራሾችን ለማግኘት ደግሞ እንደ ሥላሴ፣ ሚካኤልና ማርያም ያሉት እርሻ የማይታረስባቸው በዓላት ምቹ ናቸው። በክረምት ድምፅ መቅዳት ግን አልመክርም። እኔ አንድ ጊዜ በሐምሌ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የቀዳሁት የአንድ አባት ቃል ዝናቡ ውጦት ከቤቴ ስሰማው «እንግዲህ» ከሚለው ቃል በቀር ምንም አልቀረኝም። በሚቀጥለው ጥቅምት ስመለስ አባባ አርፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቃለ መጠይቁ አልነሣም፣ የመጀመሪያውን ደቂቃ መልሼ ሳልሰማ።

ከሰው ቃል ጋር የሚመዛዘን ጽሑፍ ሲፈለግ ብዙ ሰው ወደ ቢሮ ይሮጣል። ከቀበሌ የትብብር ደብዳቤ መያዝ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ለሰፈሩ ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው መዝገብ ያለው በእድሩ ጸሐፊ እጅ ነው። በእድር መዝገብ አባል የሆነ ሰው ስም ከገባበት ቀን ጋር ይሰፍራል፤ አርሶ አደሮቹ ብቻ የነበሩበት ገጽ የት እንዳበቃ፣ መምህራን፣ የግቢው ጥበቃዎችና ባለሱቆች መመዝገብ የጀመሩት መቼ እንደሆነ በዓይን ይታያል። መዝገቡን ለማየት የእድሩን ዳኛ ማስፈቀድ፣ የሰዎችን ስም ሳይሆን ዓመቱንና ሥራቸውን ብቻ መገልበጥ ይገባል። ከዚህ ጋር ጉግል ኧርዝ ላይ ያለውን የቀድሞ ዓመታት ምስል ከፍቶ ማሳው ወደ ቤት የተለወጠበትን ዓመት ማነጻጸር ይቻላል።

የዛሬው የሰፈሩ ጠባይ ሲጻፍ ከሕንፃው ይልቅ የዓመቱን ዑደት መከተል ይበልጣል። አዲስ ተማሪ ሲገባ ፍራሽና ብርድ ልብስ መንገድ ላይ ይደረደራል፤ ነን ካፌ የሆኑት፣ ማለትም በግቢው ካፌ የማይመገቡት ተማሪዎች፣ በወር ተስማምተው የሚበሉባቸው ሽሮ ቤቶች ይሞላሉ፤ በምረቃ ሰሞን ፎቶ ቤቶቹ ጋዋን ያከራያሉ፤ ግቢው ሲዘጋ ደግሞ ባጃጁ ሳይቀር ፀጥ ይላል። ሰፈሩ በግቢው ላይ ምን ያህል እንደተመሠረተ ማወቅ የሚሻ ሰው ዩኒቨርሲቲዎች በወረርሽኙ ምክንያት ተማሪ ስለበተኑበት ስለ መጋቢት 2012 ዓ.ም. አከራዮችን ይጠይቅ። ከተማዋ በጦርነት የተፈናቀሉ ወገኖችን ስለተቀበለችበት ስለ 2014 ዓ.ም.ም እንዲሁ፤ ይህኛውን ግን ሰው ራሱ ካላነሣው ደጋግሞ መነካካት ደግ አይደለም።

ጽሑፉ ሲጠናቀቅ ከመታተሙ በፊት ለተናገሩት ሰዎች ይነበብላቸው፤ ስማቸው እንዲነሣ ይፈቅዱ እንደሆነም በዚያው ይጠየቁ። እኒያ እናት ሳነብላቸው ያረሙኝ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «ማሳ» ያልኩትን «መስክ» በል አሉኝ፤ የጻፍኩት ስለ ገብሱ ሳይሆን ከገብሱ በታች በግ ይሰማራበት ስለነበረው ሣር ነበርና።