ኮምፓይለሩ የጨመረውን በስሙ አትለዩት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቅዳሜ ቅዳሜ ጃቫ የማስጠናቸው ልጆች አሉ፣ ጎበዞች ናቸው፣ ግን አንዷን ስህተት እየተቀባበሏት አሁንስ በዛ።

ኮምፓይለሩ (ኮዳችሁን ወደ ክላስ ፋይል የሚቀይረው ፕሮግራም) የጨመረውን ፊልድ፣ ማለት ክላስ ውስጥ ያለ የዳታ መያዣ፣ በ$ ምልክት መለየት! አንዱ ተማሪዬ ለመለዋወጫ ሱቅ ፕሮግራም እየሠራ ፊልዶቹን በሪፍሌክሽን (ፕሮግራሙ እየሮጠ የራሱን ክላሶች በሚመረምርበት መንገድ) አንብቦ ወደ ኤክሴል የሚያወጣ ኮድ ጻፈ፣ ክላሱ ሌላ ክላስ ውስጥ ያለና ስታቲክ ያልሆነ ስለነበር ‹ዲስ$0› የሚባል እሱ ያልጻፈው ኮለም ብቅ አለበት። የውጪውን ክላስ ኦብጀክት የሚይዝ ፊልድ ነው፣ ጃቫሲ፣ ማለት የጃቫ ኮምፓይለሩ፣ ራሱ ነው የሚጨምረው። ልጁ ታዲያ ‹ስሙ ውስጥ $ ካለ ዝለለው› ብሎ ጨረሰ። በነጋታው ባለሱቁ ደወለለት፣ የመግዣ ዋጋው ኮለም በሙሉ የለም። ለካ ልጁ ራሱ ፊልዱን ‹ዋጋ$› ብሎት ነበር፣ ጃቫ ደግሞ ስም ላይ ፊደላችንንም $ንም ይፈቅዳል። ስም እኮ ማንም የሚያወጣው ነገር ነው! ምልክቱ ያለው ክላስ ፋይሉ ውስጥ ነው። መብራት ሄዶ በላፕቶፑ ባትሪ ጃቫፒን፣ ክላስ ፋይል ውስጥ ያለውን የሚያሳየውን መሣሪያ፣ በ-p እና በ-v አማራጮች አስነስተን አየነው፣ ‹ዲስ$0› ላይ ፍላጉ (የፊልዱን ባሕርይ የሚናገረው ቁጥር) በሄክስ 1010 ይላል፣ 1000ው ሲንተቲክ፣ ማለት ኮምፓይለሩ ለራሱ ሥራ የፈጠረው፣ 10ሩ ፋይናል፣ ማለት የማይቀየር። ‹ዋጋ$› ላይ 1000ው የለም። ከጃቫ 5 ጀምሮ ‹ኢዝሲንተቲክ› ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ አንድ መስመር ናት እባካችሁ።

ሌላም ስህተት አለ፣ እኔም ለረጅም ጊዜ የተሳሳትኩት ነው፣ ‹እኔ ካልጻፍኩት ሲንተቲክ ነው› ማለት። አይደለም። ኮንስትራክተር ሳትጽፉ ስትቀሩ ኮምፓይለሩ የሚሰጣችሁ፣ የኢነም (የቋሚ እሴቶች ዝርዝር) ‹ቫልዩስ›፣ የሬከርድ (ዳታ ብቻ የሚይዝ ክላስ) አክሰሰሮች፣ ማለት እሴት አንባቢ ሜተዶቹ፣ ቋንቋው ራሱ በሕጉ ያወጃቸው ስለሆኑ ሲንተቲክ አይባሉም። ባዶ ኮንስትራክተር በእጃችሁ ብትጽፉም ባትጽፉም ሲንተቲክ ፍላጉ ላይ ልዩነት አታገኙም፣ ስለዚህ በዚያ ላይ የቆመ ኮድ አትጻፉ።

ሜተዶቹን በሪፍሌክሽን ስዘረዝር ‹ኮምፔርቱ› (ኦብጀክቶችን የሚያወዳድረው ሜተድ) ሁለት ጊዜ መጣብኝ የምትሉኝ፣ አንዱ ብሪጅ ነው፣ ኦብጀክት ተቀብሎ ወደ እናንተው ሜተድ እንዲያሻግር ኮምፓይለሩ የጨመረው። በ‹ኢዝብሪጅ› ለዩት።

ፊልድ የሚቆጥር ቴስት ብቻውን አልፎ በጃኮኮ (ቴስቱ የትኛውን ኮድ እንዳስኬደ በሚለካው መሣሪያ) ሲሮጥ የሚወድቅባችሁም ምክንያቱ ያው ነው፣ ጃኮኮ ክላሱ ላይ የራሱን ሲንተቲክ ፊልድ ይጨምራል።

ደግሞ ስትጠይቁኝ የጄዲኬ (ጃቫሲ ያለበት የጃቫ መሥሪያ ጥቅል) ቨርዥናችሁን አብራችሁ ላኩልኝ። ከ18 ጀምሮ ጃቫሲ ‹ዲስ$0›ን ካልተጠቀማችሁበት ብዙ ጊዜ አያስቀምጠውም፣ ያው ኮድ አንዱ ማሽን ላይ ሦስት ፊልድ፣ ሌላው ላይ ሁለት ያሳያችኋል።