የአሾካን የድንጋይ አዋጆች ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የማውርያ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ268 እስከ 232 ገደማ አብዛኛውን የሕንድ ክፍለ አህጉር ገዝቷል። ቃሉን በዐለትና በድንጋይ ዓምድ ላይ አስቀርጾ በግዛቱ ሁሉ አሰራጨ። ስለ እነዚህ ጽሑፎች ሲወራ ደጋግመው የሚሰሙ ስህተቶች አሉ።

ዋናው ስህተት ሕዝቡ ድንጋዩ ፊት ቆሞ ያነብ ነበር ብሎ ማሰብ ነው። ማንበብ የሚችለው ጥቂት ሰው ነበር፤ አዋጆቹ የተጻፉት ጮክ ተብለው እንዲነበቡ ነው። በምሥራቅ ሕንድ፣ በዛሬዋ ኦዲሻ፣ ዳውሊ በተባለው ቦታ ያለው ዐለት ራሱ ይህን ያዛል፦ ጽሑፉ ቲሽያ በተባለው ኮከብ ቀን በየአራት ወሩ ይሰማ፣ በመካከሉም ይሰማ፣ ሰሚው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን እንኳ ይነበብለት። ብዙዎቹ አዋጆች «አማልክት የሚወዱት ንጉሥ ፒያዳሲ እንዲህ ይላል» (ፒያዳሲ የአሾካ መጠሪያ ነው) ብለው የሚጀምሩትም ንጉሡ በአንባቢው አፍ እንዲናገር ነው። እንግዲህ ነጋሪት ተጎስሞ እንደሚነገር አዋጅ ብናስባቸው ይሻላል።

«በሳንስክሪት ተጻፉ» የሚለውም ትክክል አይደለም። ቋንቋው ፕራክሪት የተባለው የሕዝብ መነጋገሪያ፣ ፊደሉ በአብዛኛው ብራህሚ ነው። በዛሬዋ ፓኪስታን፣ ሻህባዝጋርሂና ማንሴህራ ላይ ግን ከቀኝ ወደ ግራ በሚጻፈው በካሮሽቲ ፊደል ተቀረጹ። በአፍጋኒስታን፣ ካንዳሃር እ.ኤ.አ. በ1958 የተገኘው ደግሞ በግሪክኛና በአራማይክ ነው። ሆኖም ከዚህ ተነስቶ አሾካ ለሁሉም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተናገረ ማለት ሌላ ስህተት ይሆናል። ከፕራክሪት ጋር የማይዛመዱት የድራቪዳ ቋንቋዎች በሚነገሩበት በደቡብ ሕንዷ ካርናታካም አዋጆቹ በፕራክሪት ናቸው። እዚያ ሕዝቡ የንጉሡን ቃል እንዲረዳ ሹማምንቱ ማስተርጎም ነበረባቸው።

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ግን በየቦታው የተጻፈው ቃል አንድ ነው ብሎ ማለፍ ነው። ከ14ቱ ዋና የዐለት አዋጆች በ13ኛው አሾካ ካሊንጋን (የዛሬዋን የኦዲሻ አካባቢ) ሲወጋ 100,000 ሰው መገደሉን፣ 150,000 መጋዙን ተናግሮ ጸጸቱን ይገልጻል። ይህ አዋጅ በምዕራብ ሕንድ ባለችው በጊርናርም በሻህባዝጋርሂም አለ። በካሊንጋ ምድር፣ በዳውሊና በጃውጋዳ ግን የለም! ዘመዶቻቸው ለተገደሉባቸው ሰዎች ንጉሡ ስለ ጦርነቱ ምንም አላነበበላቸውም። በምትኩ እዚያ ሁለት የተለዩ አዋጆች ተቀረጹ። «ሰው ሁሉ ልጄ ነው» የሚለው ቃል ያለው በእነዚህ ውስጥ ነው፤ ሹማምንቱም ሰውን ያለ ምክንያት እንዳያስሩና እንዳያሠቃዩ ተነግሯቸዋል። ስለዚህ አንድን አዋጅ ስናነብ የት እንደቆመና ማን እንደሚሰማው አብረን መጠየቅ አለብን። 14ኛው አዋጅም አንዳንዱ ጽሑፍ አጭር፣ አንዳንዱ መካከለኛ፣ አንዳንዱ ሰፊ መሆኑን በግልጽ ይናገራል።

ጸጸቱን ብቻ ይዞ አሾካን ሰይፉን የጣለ ንጉሥ ማድረግም አያስኬድም። ያው 13ኛው አዋጅ የጫካውን ሕዝብ፣ ንጉሡ ቢጸጸትም ኃይል እንዳለው ያስጠነቅቃል። የሞት ቅጣትም አልተሻረም፤ በአራተኛው የዓምድ አዋጅ መሠረት ሞት የተፈረደበት የሦስት ቀን ፋታ ያገኛል።

በመጨረሻም፣ የሕንድ ነገሥታት ሁሉ እንዲህ ተናገሩ ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ጊርናር አጠገብ፣ ጁናጋድ ላይ የአሾካ 14 አዋጆች ያሉበት ዐለት የሁለት ሌሎች ነገሥታት ጽሑፍም አለበት። አንደኛው፣ ሩድራዳማን፣ እ.ኤ.አ. በ150 ገደማ በተዋበ ሳንስክሪት ያስጻፈው ነው። ማዕበል ያፈረሰውን የሱዳርሻና ግድብ እንዴት እንዳሠራ ይተርካል። ንጉሡ በውበቱ፣ በዕውቀቱና በድሉ ይወደሳል፤ እንደ አሾካ «እንዲህ ይላል» ተብሎ ለሕዝቡ አይናገርም። ሕዝቡ የሚነሳው ለሥራው ግብርና የግዳጅ ሥራ አልተጫነበትም፣ ወጪው ከንጉሡ ግምጃ ቤት ወጣ ተብሎ ነው።