አሚኖ አሲዶችን ለአይሶቶፕ ልኬት በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ለይቶ ማጥራት

አሚኖ አሲዶችን ለያይቶ የናይትሮጅን ወይም የካርቦን አይሶቶፓቸውን (የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ አተሞችን) ለመለካት የተነሳ ባለሙያ፣ መጠን ለማወቅ ብቻ ከሚሠራ ሰው የሚለየው የሚፈልገውን አሚኖ አሲድ አንዳች ሳያስቀር መሰብሰብ ስላለበት ነው።

ፕሮቲኑ ወደ አሚኖ አሲዶች እንዲፈርስ በቅድሚያ በ6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ አየሩ በናይትሮጅን ጋዝ በተተካ ዝግ የመስታወት ቱቦ ውስጥ፣ በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ20 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። በዚህ ሂደት ትሪፕቶፋን ይጠፋል፤ ግሉታሚንና አስፓራጂን ደግሞ ወደ ግሉታሚክና አስፓርቲክ አሲድ ይለወጣሉ። ከዚያም አሲዱ በናይትሮጅን ጋዝ ተንኖ የቀረው ዝቃጭ በቀጭን አሲድ ይሟሟና ይጣራል።

ለመለያየት የሚመረጠው ኮለም (ናሙናው ከፈሳሽ ጋር የሚያልፍበት የታጨቀ ቱቦ) ውሃ-ጠል ባሕርይንና የካታዮን (የአዎንታዊ አዮን) ልውውጥን አጣምሮ የያዘው ነው፤ በእርሱ አሚኖ አሲዶቹ ሌላ ውህድ ሳይለጠፍባቸው ይለያያሉ፤ የሚለጠፈው ውህድ የራሱን ካርቦን ስለሚጨምር ልኬቱን ያዛባልና። ለናይትሮጅን ልኬት ውሃና አሴቶናይትራይል ከጥቂት ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ ጋር ይስማማሉ። ይሁን እንጂ አሴቶናይትራይል ራሱ ናይትሮጅን ስላለው፣ የተሰበሰበው ፈሳሽ ጨርሶ ሊደርቅ ይገባል። ካርቦን የሚለካ ሰው ግን አሴቶናይትራይልም ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድም ካርቦን እንዳላቸው አስቦ ከእነርሱ ቢርቅ ይሻለዋል።

ከሁሉ የሚከብደው፣ አንድ አሚኖ አሲድ ከኮለሙ ሲወጣ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ፒክ የሚባለው ጉብታ አቆራረጥ ነው። ከባዱና ቀላሉ አይሶቶፕ በኮለሙ ውስጥ እኩል ስለማይጓዙ የጉብታው ፊትና ጅራት የተለያየ የአይሶቶፕ ውድር አላቸው፤ ስለዚህ ጅራቱን የጣለ ሰው ንጹሕ ናሙና ቢያገኝም ዋጋው የተሳሳተ ይሆናል። ፈሳሹ ከመመርመሪያው እስከ መሰብሰቢያው ለመድረስ የሚወስደውን ጊዜም አስቀድሞ በሚታወቅ ናሙና መለካት ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ ስክሪኑ ላይ በትክክል የተቆረጠ የሚመስለው ጉብታ በብልቃጡ ውስጥ ግማሹ ጎድሎ ይገኛል። በእኔ ግምት ዓላማው የምግብ ሰንሰለት ደረጃን ማወቅ ከሆነ፣ ሁሉንም ለመለየት ከመድከም ግሉታሚክ አሲድንና ፌኒልአላኒንን ብቻ በጥራት መሰብሰብ ይበጃል፤ የመጀመሪያው በየደረጃው በከባዱ አይሶቶፕ በናይትሮጅን-15 እጅግ ሲበለጽግ ሁለተኛው እምብዛም አይለወጥምና።

ከናሙናዎቹ ጋር አይሶቶፓቸው የታወቀ ንጹሕ አሚኖ አሲዶች በዚያው መንገድ ያልፋሉ፤ ኮለሙን ያለፉትና ያላለፉት ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ከመሣሪያው የልኬት ስሕተት ከበለጠ ጉብታው የሚሰበሰብበት ጊዜ ይራዘማል። ምንም ናሙና ያልገባበት ባዶ ሩጫም በተመሳሳይ ሰዓት ተሰብስቦ ይለካል፤ በተለይ ናሙናው ጥቂት ማይክሮግራም ሲሆን ከኮለሙ የሚንጠባጠበው ቅሪት ቀላል አይደለም።