ሐረጎ ላይ የተላቀቀው ሊፕ፣ እና ኮምቦልቻ ላይ እንደገና እንዴት እንደገጠምኩት

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ በአብዛኛው የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። መኪናዬ ቶዮታ ሴሊካ ናት፤ የ2001 ሞዴል፣ ባለ ሁለት በር፣ 1.8 ሊትር ሞተር። የፊት ሊፕ፣ ማለትም ከንፈር፣ ልገጥምላት ነው ብዬ ሳወራ እናቴ፣ «ድሮም መሬት ስትልስ የምትውል፣ ደግሞ ከንፈር ልትቀጥልላት ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቢሆንም ገጠምኩ፣ ተላቀቀብኝ፣ ደግሜ ገጠምኩ። ሁለተኛው ገጠማ ስምንት ወር አልፎት ይዞ አለ። የማስረዳችሁ እሱን ነው፤ የመጀመሪያው ለምን እንደተላቀቀ ሳልናገር ግን አላልፍም።

መጀመሪያ ራሳችንን አንሸውድ። ሊፕ ከፊት ፓራውልት (ባምፐር) ስር የሚታሰር ቁራጭ ነው፤ በመኪናው ሆድ ስር የሚገባውን አየር ይቀንሳል፣ በፍጥነት ላይ አፍንጫዋ ቀለል እንዳትል ያግዛል። ይህ የሚታወቀው ግን በትልቅ ፍጥነት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን ስትወጡ፣ ከፊታችሁ ሲኖትራክ እያቃሰተ፣ በ30 እየተሳባችሁ ስለ አየር ግፊት ማውራት ቀልድ ነው። ለውበት ነው የምንገጥመው። ለውበት የገዛችሁት ደግሞ በሳምንቱ እንዳይሰነጠቅ ከምን እንደተሠራ እዩ።

ፋይበርግላስ ደረቅ ነው፤ አንድ ኮብልስቶን ሲነካው ይሰነጠቃል፤ ጥሩ ባትላሜራ ካላችሁ ግን ይጠገናል። ካርቦን ፋይበር ያምራል፣ ዋጋውም ያስደነግጣል፣ ሲመታ ግን ከፋይበርግላስ ብዙም አይሻልም። ኤቢኤስ ፕላስቲክ መካከለኛ ነው። ለእኛ መንገድ የምመክረው ፖሊዩሬቴን ነው፤ ጎማ ጎማ ይላል፣ በእጅ ስታጥፉት ታጥፎ ይመለሳል። በጥቅል የሚሸጥ፣ 2.5 ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ለማንኛውም መኪና ተቆርጦ የሚለጠፍ የጎማ ሊፕም አለ። ርካሽ ነው። ለእኔ ግን ገበያ ላይ ተሰቅሎ የሚሸጥ ኮት ነው፤ ፊት ለፊት ደህና ይመስላል፣ ማዕዘኑ ላይ ይጨማደዳል።

ስትገዙ «ለሴሊካ ነው» መባሉ አይበቃም። የእኔ ዓይነቷ ትውልድ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 ተመርቷል፤ ለ2003 ሞዴል ግን የፊት ፓራውልቱ ቅርፅ ተቀይሯል። እኔ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያስመጣሁት የመጀመሪያው ሊፕ ለአዲሱ ፊት የተሠራ ኖሮ፣ መሃሉ ልክክ ብሎ ጫፎቹ በሦስት ሳንቲ ሳቱ። በአውቶብስ መጣ፣ በአውቶብስ ተመለሰ፣ የጭነቱን ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። የፓራውልታችሁን ፎቶ ከፊት ለፊትም ከሥርም አንስታችሁ ለሻጩ ላኩ። ከሥር የተነሳው ይበልጣል፤ ብሎን የሚገባበት ጠርዝ የሚታየው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ልክ መውሰድ ነው። ሜትር መቼም ከአንገቴ አይወርድም። ባዶዋን ስለካት ከመሬት እስከ ፓራውልቱ ሥር 17 ሳንቲ ነበረች። ነዳጅ ሞልቼ፣ ወንድሜን ጋቢና አስቀምጬ፣ ራሴ መሪው ላይ ሆኜ አንዱን ሠራተኛዬን አስለካሁት፤ 15 ተኩል። ሊፑ 4 ተኩል ይወስዳል፤ 11 ሳንቲ ይቀራል። ትክክለኛ ልካችሁ የተጫነው ነው፤ ደንበኛም ሆዱን ስቦ ሲለካ ቀሚሱ በሰርጉ ዕለት አይዘጋም።

11 ሳንቲ በቂ ነው አይደለም የሚለውን ሜትር አይነግራችሁም፤ መንገዱ ነው የሚነግራችሁ። ስለዚህ ይህን አድርጉ፦ ወፍራም ካርቶን ሊፑ በሚወርድበት ልክ ቆርጣችሁ ከፓራውልቱ ሥር በፕላስተር ለጥፉና ሦስት ቀን የለመዳችሁትን መንገድ ሁሉ ንዱ። ጎሚስታ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ላቫጆ፣ የዘመድ ግቢ፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ያለው ጉብታ። ማታ ማታ ካርቶኑን እዩት፤ የታጠፈበትና የተበላበት ቦታ ሊፑ የሚፋቅበት ነው። ሰፈር ስቆብኛል፤ ይሳቅ። የእኔ ካርቶን ያለቀው ቀኝ ማዕዘኑ ላይ ብቻ ነበር፤ ሌላ ቦታ ሳይሆን በገዛ ራሴ በር፣ የጎርፍ ማስወረጃው ላይ። ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ገዝቼ የበሩን መግቢያ አስተካከልኩ። ጉብታ ላይ ደግሞ አንዱን ጎማ አስቀድሞ በሰያፍ መውጣትን የተማርኩት ከካርቶኑ ነው።

አሁን ስለ ውርደቴ። ወሩ ታኅሣሥ ነው። አጎቴ የሚኖረው ደሴ ነው፣ ግቢውም ሜዳ ሲሚንቶ ነው፤ እዚያ ልሥራ ብዬ ወጣሁ። ከሰዓት 11 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ፣ ጣቶቼ እየደነዘዙ ሊፑን በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ለጠፍኩ። አጎቴ፣ «ልጄ፣ ደህናውን ፓራውልት በትራፓኖ እንዳትበሳው» አለ፤ ሰማሁት፣ ብሎን አላስገባሁም። ጠዋት 2 ሰዓት ቁልቁል ወደ ቤቴ። ሐረጎ በሚባለው የደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁለት ላይ ሦስተኛውን ጠመዝማዛ ሳልጨርስ ከግራ ጧ፣ ጧ፣ ጧ የሚል ድምፅ መጣ። ዳር ይዤ ስወርድ ግራ ጫፉ ተላቆ እንደ ነጠላ ይውለበለባል። ሻንጣ ውስጥ የጨርቅ ጆንያ የታሰረበት ሲባጎ ነበር፣ በሱ አሰርኩት። አንድ የአይሱዙ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ ጥርሷን ማን ነቀለው?» ብሎኝ አለፈ።

ጥፋቱ የፕላስተሩ አልነበረም። እነዚህ የመኪና ባለ ሁለት ፊት ፕላስተሮች፣ ስሪ ኤም የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን ቪ ኤች ቢ ጨምሮ፣ ሲለጠፉ ከ21 እስከ 38 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ከ10 በታች ከሆነ ማጣበቂያው ይጠነክርና ገጽታው ላይ ሳይሰራጭ ይቀራል። በደህና ሙቀት ተለጥፎም እንኳ በ20 ደቂቃ የጉልበቱን ግማሽ፣ በ24 ሰዓት 90 በመቶ፣ ሙሉውን በ72 ሰዓት ነው የሚይዘው። እኔ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የታኅሣሥን አንድ ሌሊት ነበር የሰጠሁት። ሁለተኛውን ኮምቦልቻ ላይ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ሠራሁ። ደሴ የምትኖሩ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የሚመታው ቦታ አቁሙና ፓራውልቱንም ሊፑንም በፀጉር ማድረቂያ መዳፍ እስኪሞቀው አሙቁ።

ሁለተኛው ጥፋት የእኔ ነው፣ ያውም በሙያዬ። ኮሌታ ከመሰፋቱ በፊት ለጊዜው እንዲይዝ ይወሰወሳል፤ በውስወሳ ብቻ ግን ማንም ሸሚዝ ለብሶ አይወጣም። ፕላስተሩ ውስወሳ ነው። ስፌቱ ብሎኑ ነው።

ለሥራው የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ክሪክና ሁለት የብረት መደገፊያ፣ ትራፓኖ ከ3 ሚሊ ፑንታ ጋር፣ ካቻቪቴ፣ የ10 ቁልፍ፣ የማይዝጉ 4.2 በ16 ሚሊ ብሎኖች ከሰፋፊ ሮንዴላ ጋር፣ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር፣ የወረቀት ፕላስተር፣ አልኮል፣ ቃጫ የማይተው ንጹሕ ጨርቅና ጠመኔ። አንድ ረዳትም ያስፈልጋል፤ ሊፕ ብቻውን የሚገጥም ሰው አንዱን ጫፍ በጉልበቱ ሲይዝ ሌላው መሬት ይፍቃል።

መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም ድንጋይ አስደግፉ። በክሪክ ካነሳችሁ በኋላ መደገፊያው ላይ አሳርፏት። ክሪክ ማንሻ ነው፤ ክሪክ ብቻ በያዛት መኪና ሥር ጭንቅላት አይገባም። ስትጨርሱ ደግሞ ድንጋዮቹን አንሱ። ይህን የምለው አስፋልት መሃል ድንጋይ ትተው ለሚሄዱት ነው።

ሊፑ ታጥፎ ከመጣ በኃይል አታቃኑት። ሜዳ ላይ ዘርግታችሁ፣ ከላዩ ከባድ ነገር ጭናችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ፀሐይ አስመቱት፤ እኔ ሁለት ጥቅል ቴትሮን ጫንኩበት። ራሱ ወደ ቅርፁ ይመለሳል።

ከዚያ ሳትለጥፉ ለኩ። የፓራውልቱን መሃል በሜትር ፈልጉና በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ በሰሌዳው አትመሩ፣ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ጠሞ ነው የሚታሰረው። የሊፑንም መሃል እንዲሁ። መሃል ከመሃል አገናኝታችሁ በወረቀት ፕላስተር ያዙትና ወደ ሁለቱ ጫፎች እኩል እየሄዳችሁ አስጠጉት። ከአንድ ጫፍ ከጀመራችሁ ሌላኛው ጫፍ ላይ ትርፍ ጨርቅ ይጠብቃችኋል። አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱና ቁጭ ብላችሁ እዩ። ከዚያ ረዳታችሁ መሪውን እስከ መጨረሻ ግራ፣ ከዚያ ቀኝ ያዙረው፤ ጎማው ጫፉን የሚነካ ከሆነ የሚቆረጠው አሁን ነው። የታችኛውን የአየር መግቢያም እንዳይሸፍን እዩ፤ ዳገት ላይ ራዲያተሩ የሚተነፍሰው በሱ ነው።

ልኩ ሲያምር ብሎን የሚገባባቸውን ቦታዎች ከሥር ምልክት አድርጉና ሊፑን አውርዱ። ከፓራውልቱ ሥር ቀድሞ የፋብሪካው ብሎኖች አሉ፤ በ10 ቁልፍ የሚፈቱት። ቦታቸው ከገጠመ እነሱን ተጠቀሙ፣ ያንን ያህል ቀዳዳ ተረፋችሁ። ሌሎቹን በየ15 እስከ 20 ሳንቲው፣ ጫፎቹ ላይ ግን ቀረብ አድርጉ፤ ነፋስ የሚጀምረው ከጫፍ ነው። ከመብሳታችሁ በፊት በጀርባ በኩል እጃችሁን አስገብታችሁ የጭጋግ መብራት ሽቦ እንደሌለ ዳብሱ። ፑንታው ላይ ከጫፉ በ12 ሚሊ ርቀት ፕላስተር ጠቅልሉበት፤ ፕላስተሩ ሲደርስ መቆም ነው። ትራፓኖውን በዝግታ አዙሩት፤ ፕላስቲክ በፍጥነት ሲበሳ ይቀልጣል እንጂ አይቆረጥም። ፓራውልቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ጠባብ፣ ሊፑ ላይ ያለው ከብሎኑ ትንሽ የሰፋ ይሁን። ፖሊዩሬቴን ፀሐይ ሲመታው ይለጠጣል፤ መላወሻ ካጣ በብሎኖቹ መካከል ይጎብጣል። ይህን የነገረኝ የለም፤ ከወገብ የጠበበ ሱሪ ሲጨማደድ ካየሁት የገመትኩት ነው፣ ሠራም።

ጽዳቱ ላይ ሰው ይቸኩላል። በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፣ ከዚያ አልኮልና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ በአንድ አቅጣጫ ጥረጉ፣ በሌላ ደረቅ ጨርቅ አድርቁ። ቤንዚንና ናፍጣ አትጠቀሙ፤ ቅባት ይተዋሉ። ላቫጆ የሚቀባው ማብለጫ ካለ ደጋግማችሁ አጽዱ፤ ሲሊኮን ያለበት ገጽታ ላይ ምንም አይጣበቅም። ከዚያ በኋላ በጣት አትንኩት። ፕላስተሩን ቀለም በተቀባው ፊት ላይ አሳርፉት፤ ከሥር ያለው ያልተቀባ ጥቁር ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ጀርባው ላይ ፒፒ የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ተቀርጸውበት ታገኛላችሁ። ማጣበቂያ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባው ፕራይመር ከሌለ ምንም በደንብ አይይዝበትም።

ፕላስተሩን ሊፑ ላይ ለጥፉ፤ መሸፈኛውን ግን አትላጡት። በየቁራጩ ጫፍ አምስት ሳንቲ ብቻ ላጡና ወደ ውጭ እጠፉት። ሊፑን ወደ ቦታው መልሱ፣ መሃሉን አገናኙ፣ መሃለኛዎቹን ሁለት ብሎኖች ሳታጠብቁ አስገቡ። አሁን ረዳታችሁ የታጠፈውን መሸፈኛ ቀስ እያለ ይሳብ፣ እናንተ ከኋላው በመዳፍ ጫን ጫን እያላችሁ ተከተሉ። ከዚያ የቀሩትን ብሎኖች አንዱን ከግራ አንዱን ከቀኝ እያፈራረቃችሁ አስገቡ። ሮንዴላው ሊፑን ሲነካ ቁሙ፣ ሩብ ዙር ጨምሩ፣ በቃ። ከዚያ በላይ ካጠበቃችሁ ፕላስቲኩ ጥርሱን ይጥላል፣ ብሎኑም ከዚያ ወዲያ በባዶ ይዞራል።

ቀለም ለመቀባት ካሰባችሁ ቀለም ቀቢው ማለስለሻ እንዲጨምርበት ንገሩት፤ ያለዚያ ሊፑ ሲታጠፍ ቀለሙ ይረግፋል። እኔ ጥቁሩን እንዳለ ተውኩት።

ሦስት ቀን አቁሟት፤ ካልሆነም ከሰፈር አትውጡ፣ ላቫጆም አትሂዱ። እኔ ለሦስት ቀን በባጃጅ ተመላለስኩ። መጀመሪያ ስትነዱ ባዶ መንገድ ላይ ፍሬን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ አፍንጫዋ ስትደፋ የሚፋቅ ካለ ትሰማላችሁ። በሳምንቱ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትሹ። የእኔ ከዘጠኙ ሁለቱ ላልተው ነበር፣ ሁለቱም ግራ ጫፍ ላይ። ከዚያ ወዲህ ክረምት ሲገባና ሲወጣ አያቸዋለሁ። ካቻቪቴውና አራት ትርፍ ብሎኖች በባዶ የክር ማሸጊያ ቆርቆሮ ውስጥ ሆነው ጋቢና ኪሱ ውስጥ ናቸው፤ ሲባጎውም እዚያው አለ።